ሻሽ ያሰረችው ንግሥት በሮቢ ድልድይ

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴት ግማሽ ጆንያ ሎሚ ጭና ነበር። ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ ኮረኮንቹ ውስጥ ሲገባ ጆንያው ተንሸራተተና ሁለት ሦስቱ ሎሚ እግሬ ስር ፈነዳ። ሴትየዋ "ይቅርታ እማማ፣ ልብስዎን አበላሸሁት" ትለኛለች፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ሽታው ይዞኝ ሄዷል። ዓይኔን ጨፍኜ ብታየኝ ደንግጣ "አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ምንም አልሆንኩም፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ሆነ እንጂ" አልኳት። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ሳቀ። ይሳቅ! ሰማንያን ካለፍኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ እሱም አያውቅም፣ እኔም በትክክል አላውቀውም።

ለሌላው ሰው ሎሚ ማለት ከምግብ ላይ የሚጨመቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን የእንግሊዝ ነገሥታት ሽታ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ልጃገረድ ሳለሁ፣ የእንግሊዝ የብር ገንዘብ እሰበስብ ነበር። አዎ፣ እኔ ዘይነባ፣ ፊደል እንኳ በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት የሮቢት ልጅ! ሎሚውን ለሁለት እሰነጥቅና አመድ አስነክቼ፣ እያንዳንዱን ብር እንደ መስተዋት እስኪያብለጨልጭ እፈትገው ነበር። በቀደም ይህንን ለልጅ ልጄ ሳጫውተው ስልኩን ከፍቶ ሲያነብ ቆየና "አያቴ፣ አሮጌ ሳንቲም እኮ አይታጠብም፤ ዋጋው ይወርዳል ይላሉ አዋቂዎቹ" አለኝ። አዋቂዎቹ! ልሸጠው የሰበሰብኩት መሰላቸው እንዴ? እኔ የምሰበስበው ፊታቸውን ለማየት ነበር። የቆሸሸ ፊት ደግሞ ይታጠባል።

ያኔ ሮቢት ዛሬ የምታዩዋት ከተማ አልነበረችም። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ የለ፣ ሆቴል የለ፣ የባጃጅ ጡሩምባ የለ። ሙቀቱ ብቻ ያው ነው። ጣሊያን መንገዱን በቆላው ሲያሳልፈው ከወንዙ ወዲህ የቆርቆሮ መጋዘን ተተከለ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ ዓረቦች ሱቅ ከፈቱ፣ ከሱቆቹ ፊት ለፊት ደግሞ ትልቁ የሮቃ ዛፍ ነበር፤ ግመልም፣ በቅሎም፣ ሰውም ከሱ ስር ያርፍ ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የምንለው ትልቁ መኪና አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ ሾፌሮቹ በካናቴራ ሆነው ይዘፍናሉ፤ እኛም ትርጉሙን ሳናውቅ ዜማውን ቀምተን እህል ስንፈጭ እንዘፍነው ነበር። እትዬ ሉባባ፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገችን አክስታችን፣ "ይኼ ስድብ ቢሆንስ?" እያለች ትቆጣናለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ራሷ ታንጎራጉረዋለች። በአንድ ሊሬ ምን ያህል ስኳር ይገኝ እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም። አቡጀዲው ወፍራም ነው፣ አንድ ቀሚስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፍ ነበር። ቀይ መቀነት ታጥቃ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ አዲስ አቡጀዲ ለብሳ ገበያ የወጣች ልጃገረድ ያን ቀን ከማንም ጋር አታወራም፤ እውነቱን ብትጠይቁኝ እኔ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

አባታችን ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ከአልዩ አምባ ተነስቶ በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ብር ያመጣልኝ እሱ ነው። "ገበያ ላይ አይቀበሉኝም፣ መጫወቻ አድርጊው" ብሎ ወረወረልኝ። እውነቱን ነው። የእኛ ሰው የሚያምነው ማርትሬዛን ብቻ ነበር፤ እሷንም ቢሆን ከደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጥፍሩ ዳስሶ፣ አንድ ከጎደለ ይመልሳታል። የእንግሊዙ ብር ነጥብ የለው፣ ደረት የለው፣ ማን ይቀበለው! ስለዚህ ከዓደን ከመጣ ዕቃ ጋር አልፎ አልፎ የሚገባው የእንግሊዝ ገንዘብ ሳላህ የሚባል የመናዊ ባለሱቅ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ይቀር ነበር። እኔ ከአባቴ ጓሮ አንድ መሃረብ ሎሚ ቋጥሬ እሄዳለሁ፤ ሳላህ መሳቢያውን ይስብልኛል። ያን መሳቢያ ሲስበው የሚያሰማው ድምፅ! ልቤ አፌ ውስጥ ትገባ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ሌሎቹ ዶቃ ይለምኑኛል፤ አንቺ የሞተ ገንዘብ" እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን እየፈለፈልኩ ነው። መላጣው ንጉሥ አለኝ፣ ፀጉራሙ ንጉሥ አለኝ፤ ሁለቱም ጢማሞች ናቸው። ፀጉሯን በጥብጣብ ያሰረች ኮረዳ አለችኝ። ከራሷ ላይ ትንሽዬ ዘውድ ጣል ያደረገች ጉንጫም ሴት አለችኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቋ አለችኝ፤ መዳፌን የምትሞላ፣ ከራሷ ላይ ሻሽ የደረበች አሮጊት፣ ከጀርባዋ ደግሞ በፈረስ ሆኖ ዘንዶ የሚረግጥ ሰው። በጠቅላላው አሥራ ሦስት ነበሩ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሮቃው ስር ተቀምጬ ፈትጌ ፈትጌ ሦስቱን ሴቶች ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። አየሁ። ደግሜ አየሁ። አፍንጫቸው! ኮረዳዋም፣ ጉንጫሟም፣ አሮጊቷም አንድ አፍንጫ ናቸው! ሦስት ሴቶች አይደሉም፤ አንዲት ሴት ናት፣ ብር ላይ እያረጀች የሄደች! ዘልዬ ተነሳሁ፣ የማደርገው ጠፋኝ፤ እየሮጥኩ ቤት ገብቼ እህቴን ከድጃን ከወፍጮው ላይ ጎትቼ አመጣኋት። ከድጃ ታላቄ ናት፤ ረጋ ያለች፣ የምትናገረውን የምትመርጥ። ዱቄት በነካ እጇ አንድ በአንድ አንስታ አየችና "እውነትሽን ነው። ምን ያህል ዘመን ብትነግሥ ነው?" አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ልጅ ወልጃለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ዘለላ ግን አልዘለልኩም።

ያቺ ሻሽ ያሰረችው አሮጊት በእኛ ሰፈር ሌላ ስም አወጣች። እትዬ ሉባባ ያየቻት ዕለት ሻሿን ትክ ብላ ተመለከተችና "ይቺማ ሐጂ ናት፣ መካ ደርሳ የተመለሰች" አለች። እኔ የእንግሊዝ ንግሥት ናት፣ አባባ ነግሮኛል ብል ማን ሊሰማኝ! "እንግሊዝ ይህንን የመሰለ ሻሽ ከየት አምጥቶ?" በቃ፣ ሐጂዋ ሆና ቀረች። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ሴቶቹ ለዱዓ ይሰበሰቡና አንዷ ወደኛ ትመጣለች፤ "ዘይነባ፣ ሐጂዋን አውሺን።" ብሯን ውሃ ውስጥ ይከቷታል፣ ወላዷ ውሃውን ትጠጣለች። ሕፃኑ ሲወለድ ሐጂዋ ቅቤ ተቀብታ፣ በመሃረብ ተጠቅልላ ትመለስልኛለች። እኔ ቅቤውን በሎሚ ሳስለቅቅ እውላለሁ።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ተጎሰመ። ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣልተዋል፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ይዞ የተገኘ ሰው ሰላይ ነው ተባለ። አባባ ቤት እንደገባ ቁጭ እንኳ ሳይል "ያንን ነገር አሁኑኑ ወንዝ ጨምሪው" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። በመሃረብ ቋጥሬ ወደ ሮቢ ወረድኩ፤ እሱ ከዳር ቆሞ ያየኛል። ከእጄ ሲወረወርና ውሃው ሲፈናጠቅ ሰምቶ "አላህ ይባርክሽ" ብሎኝ ተመለሰ። የወረወርኩት ጠጠር ነበር። አባቴን የዋሸሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን አልፀፀተኝም። ብሮቹን የእህል ጎተራ ስር ቀበርኳቸው።

በዚያው ሰሞን የከድጃ ሠርግ ተቃረበ። ባሏ የካራቆሬ ሰው ነው፣ ደግ ልጅ፣ ከድጃም ወዳዋለች፤ አልናገርም ብትልም ስሙ ሲነሳ ጆሮዋ ይቀላ ነበር። ችግሩ ብር ነው። በእኛ በይፋት ሙሽራ አንገቷ ላይ ብር ሳታስር ካባቷ ቤት አትወጣም። ብሩን ደግሞ ጣሊያን ሰብስቦ ጨርሶታል፤ አባባም ማርትሬዛዎቹን አስረክቦ በምትኩ ወረቀት ተሰጥቶታል። ወረቀት አንገት ላይ አይታሰር! ሠርጉ አንድ ጊዜ ተራዘመ፣ ሁለተኛ ተራዘመ። ከካራቆሬ የመጡት ሽማግሌዎች "እኛም ሰው ነን፤ በዚህ ወር ካልሆነ ልጃችን ሌላ ቤት ያንኳኳል" ብለው ሄዱ። እትዬ ሉባባ የዚያን ዕለት የማልሰማት መስሏት፣ በሹክሹክታ፣ "ዘይነባ ያኔ እነዚያን ብሮች ወንዝ ባትጨምር ኖሮ..." ስትል ሰማኋት። ከድጃ ቶሎ ብላ "ተይ እትዬ፣ የሷ ነበሩ" አለቻት። ጠጠሩን የለቀምነው ከከድጃ ጋር አብረን ነው፤ ብሮቹ የት እንዳሉ ታውቃለች! ታውቃለች፣ ባሏ ሊቀርባት ነው፣ ግን አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ እምቢ እላት ነበር መሰለኝ። ስላልጠየቀችኝ ግን ተቃጠልኩ።

በማግስቱ ጎተራውን ቆፈርኩ። ብሮቹን በቀሚሴ ጠርዝ ቋጥሬ አንጥረኛው አያ ይማም ቤት ሄድኩና ፊቱ ዘረገፍኳቸው። አያ ይማም አይኖቹ ፈጠጡ፤ መጀመሪያ በሩን ዘጋ።

"አንቺ ልጅ፣ ልታስገድዪኝ ነው?"

"ለከድጃ አንገት ይሥሩልኝ አያ ይማም።"

"አቅልጬ ላወጣው እችላለሁ። ያኔ ማንም አያውቀውም።"

"አይቅለጡ!" ብዬ ጮህኩ። "ፊታቸው እንዳለ ይሁን፤ በስተው ያንጠልጥሏቸው።"

አያ ይማም ሐጂዋን አገላበጣት። ሚስቱ ሦስት ጊዜ ስትወልድ ሐጂዋን አውሼአታለሁ። ከዚያ "ፊደላቸውን ልሞርደው። ፊደል ከሌለው ጣሊያን የማን እንደሆነ አያውቅም" አለኝ። እሺ አልኩ። ሞረዱን አንስቶ ከሐጂዋ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፈው የወጣው ድምፅ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። ያ ሁሉ ማንበብ የማልችለው ፊደል፣ በጣቴ ስዳስሰው የኖርኩት፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። አለቀስኩ። አያ ይማም ቀና ሳይል "ላቁም?" አለኝ። "አይቁሙ፤ ፀጉሯን ግን እንዳይነኩብኝ" አልኩት። አሥራ ሦስቱም ተሞርደው፣ ተበስተው፣ በቀይ ክር ተሰኩ፤ ሐጂዋ መሀል፣ ነገሥታቱ ግራና ቀኝ። አባባ ሲያየው ብሮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንዙ ወዳለበት አቅጣጫ አየ። ከዚያ ለአያ ይማም አንድ ፍየል ሰጠው። ለእኔ ቁጣውን ለሌላ ቀን አስተላለፈው መሰለኝ፤ ያ ቀን እስኪሞት አልመጣም።

የሠርጉ ቀን! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ፀሐዩ ገና ሲወጣ ከበሮው ጀመረ። በቅሎዎቹ በቀይ ጨርቅ ተጊጠዋል፣ የካራቆሬ ሚዜዎች አዲስ ሽርጥ አገልድመዋል፣ እትዬ ሉባባ ከፊት ሆና ታወርዳለች፦

"የሮቢት አሸዋ ያቃጥላል እግር፣
ከድጃ ወጣች አንገቷ ሙሉ ብር።"

እኛ እንቀበላታለን። ከድጃ በመጋረጃዋ ውስጥ ናት፤ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር ብሮቹ ይንሿሿሉ። ችግሩ ድልድዩ ነው። በጫካው መንገድ የሄደውን ሰው ሽፍታ ነው ብለው ይተኩሱበታል፤ ሰው ሁሉ በሮቢ ድልድይ እንዲያልፍ ታዟል፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። እዚያ ስንደርስ አንድ ላቡ የተንጠባጠበ የጣሊያን አለቃ፣ ቀይ የታርቡሽ ቆብ የደፋ ከምፅዋ በኩል የመጣ እስላም አስካሪ ወታደርና አንድ ከደጋ የመጣ ባንዳ ቆመዋል። አለቃው የብሩን ድምፅ ሰምቶ እጁን አነሳ። ከበሮው ቆመ። አባባ አጠገቤ ነበር፤ እጄን ይዞ ሲጨብጠኝ ጣቶቼ ሊሰበሩ ደረሱ።

አለቃው መጋረጃውን ገለጠና ሐጂዋን በሁለት ጣቱ ያዛት። በአውራ ጣቱ ጠርዟን ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ፊደል የነበረበትን ቦታ። ወደ አስካሪው ዞሮ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀው። አስካሪው "ማናት ይቺ?" አለ።

እትዬ ሉባባ ከበሮዋን እንዳንጠለጠለች ወደፊት ወጣች። ፍርሃት የሚባል የለባትም፤ ለምን ትፍራ፣ ውሸት አልያዘች! "ምነው ልጄ፣ እስላም አይደለህም እንዴ? ሻሿን አታይም? ሐጂዋ ናት። እዚህ አገር ስንቱን በሰላም ያዋለደች!"

አስካሪው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ፊቱ ፈታ አለ። "ወላሂ፣ እናቴን ትመስላለች" ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ባንዳው ደግሞ ሊቀርበት አልፈለገም፤ ቀረብ ብሎ ብሯን ገለበጣት። ገልብጦም "በስመ አብ! ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው እንጂ!" ብሎ ተሳለማት። "የኛ ሐጂ ናት" ይላል አስካሪው፤ "የኛ ሰማዕት ነው" ይላል ባንዳው፤ አንዱ ይገለብጣታል፣ ሌላው ይመልሳታል፤ ከድጃ አንገቷ በክሩ እየተጎተተ መሀል ቤት ሳቋን ትይዛለች። አለቃው ፈረሰኛውን ሲያይ እሱም "ሳን ጆርጆ" ብሎ አጉተመተመ። ግን አልለቀቀንም። መላጣውንና ፀጉራሙን አሳየና "እነዚህስ?" አስባለ።

"ልጆቿ ናቸው" አለች እትዬ ሉባባ፣ ቅንጣት ሳትጠራጠር።

መላጣው ንጉሥ በእርግጥ ልጇ፣ ፀጉራሙም የልጅ ልጇ እንደሆነ ስንት ዘመን ቆይቶ አንድ የታሪክ አስተማሪ ሲነግረኝ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ለጣሊያኑ እውነቱን ነው የነገረችው! እሱ ግን ሙቀቱ አስመርሮታል፤ ሁለቱ ወታደሮች አሁንም ይከራከራሉ፤ ጀርባውን ሰጠንና "ቪያ! ቪያ!" ብሎ እጁን አወናጨፈ። ድልድዩን እስክንሻገር ማንም አልተነፈሰም። ከወዲያ ማዶ ግን ዕልልታው ሲፈነዳ በቅሎዎቹ ደነበሩ። አባባ ራሱ፣ ያ ኮስታራ ሰው፣ ከበሮውን ከእትዬ ሉባባ ነጥቆ መታው!

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚሁ መንገድ መጡ። ሽልንጋቸው ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ሳላህ መሳቢያውን ስቦ "ነይ፣ እንደልብሽ ምረጪ" አለኝ። አዲስ ንጉሥ ነበር፣ ጢም የሌለው። አንዱን አነሳሁና እዚያው በሐላዋ ለወጥኩት። ሐላዋው ጥሩ ነበር። የከድጃ አሥራ ሦስት ብሮች ደግሞ ለሴት ልጆቿ፣ ከልጆቿም ለልጅ ልጆቿ እየተፈቱ ተከፋፈሉ፤ ዛሬ ማን አንገት ላይ እንዳሉ አላውቅም፣ ፈልጌም አላውቅም። ሰዎች አያሳዝንሽም ወይ ይሉኛል። የሚያሳዝነኝ እህቴን ማጣቴ ነው።

ያን ቀን ሸኚዎች ከሚመለሱበት ቦታ ስንደርስ ከድጃ በቅሎዋን አስቆመችና ጠራችኝ። ጎንበስ ብላ፣ ሰው ሳይሰማ፣ "ዘይነብዬ፣ ካባቴ ቤት ብር አስሬ ወጥቻለሁ፤ ሰውም አይቷል። ውሰጂው" አለችኝ። የክሩን ቋጠሮ መፍታት ጀምራለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እጄ ተዘረጋ። ሐጂዋን ያዝኳት። ሞቃ ነበር፤ በከድጃ አንገት ሙቀት፣ በላቧ ርሳ። እኔ ጋ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ሞቃ አታውቅም።

ቋጠሮውን መልሼ አጠበቅኩት። "ሂጂ፣ ባልሽ ይጠብቃል" አልኳት፤ በቅሎዋን ከኋላ መታኋት።